የታዳጊዎች ድባቴና ባይፖላር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት ታዳጊዎችና ወላጆቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱ መልስ «አንተ» ይላል፣ አንዳንዱ «አንቺ»፣ ለወላጅ ሲሆን ደግሞ «እርስዎ»። ጉዳዩ ግን የሁሉም ነው። ከላይ ወደ ታች ማንበብ ግዴታ አይደለም። ዛሬ፣ አሁን፣ መሞት እያሰባችሁ ከሆነ ሌላው ይቆያችሁ። በቀጥታ «መኖር ታክቶኛል» ወደሚለው ጥያቄ ውረዱ።

ሁላችንም ይደብረን የለ? ድባቴ ከዚህ በምን ይለያል?

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። ክፍለ ጊዜው ሲረዝም «ደበረኝ» እንላለን። ፊልሙ ሲንዛዛም «ይደብራል»። ታዲያ አንድ ልጅ የምር ታሞ «ደብሮኛል» ሲል፣ የሰማው ሰው «ተነስና ፈታ በል» ብሎት ያልፋል። ሕመሙን ድባቴ ብሎ ለይቶ መጥራት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሐኪም መጀመሪያ የሚያየው ጊዜውን ነው። ስሜቱ ቢያንስ 2 ሳምንት የቆየ፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ያለ፣ ቀኑንም አብዛኛውን የሚይዝ መሆን አለበት። ቀጥሎ ምልክቶቹን ይቆጥራል። ዘጠኝ ናቸው፦ መከፋት ወይም መነጫነጭ፤ ድሮ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ፤ የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት መለወጥ፤ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከልክ በላይ መተኛት፤ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፤ ድካም፤ ራስን እንደማይረባ መቁጠር ወይም ያለ ልክ መጸጸት፤ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፤ ስለ ሞት ማሰብ። ከእነዚህ 5ቱ አብረው ከታዩ፣ ከ5ቱም አንዱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ከሆነ፣ ኑሮንም ካሰናከለ ድባቴ ይባላል። ማሰናከል ስል ትምህርት መውደቅ፣ ከጓደኛ መራቅ፣ ገላ መታጠብ እንኳ ተራራ መሆንን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ታዳጊ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ይስቃል፣ ይቀልዳል። ቤት ገብቶ በሩን ሲዘጋ ነው የሚወድቀው። ስለሳቀ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ልጄ አልከፋውም፤ ነጭናጫ ነው የሆነው። ጉርምስና ነው አይደል?

ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። በታዳጊዎች ላይ ድባቴ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንባ ይዞ ሳይሆን ንዴት ይዞ ነው። ለዚህም ነው መነጫነጭ በዚህ ዕድሜ እንደ መከፋት የሚቆጠረው። አንዳንዱ ደግሞ ስሜቱን በሰውነቱ ይናገራል። ራሱን ያመዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ምርመራው ግን ምንም አያሳይም።

ልጅዎን ከጎረቤት ልጅ ጋር አያወዳድሩት። ከስድስት ወር በፊት ከነበረው ከራሱ ጋር ያወዳድሩት። ጎረምሳ በሩን ዘግቶ መቀመጡ አዲስ ነገር አይደለም። ኳስ ነፍሱ የነበረ ልጅ ኳሱን ሲተው፣ የልብ ጓደኛው ሲደውል ስልኩን ሲያይና ሳያነሳ ሲቀር ግን አመል ነው ብሎ ማለፍ ልክ አይደለም።

ባይፖላር ማለት ጠዋት ስቆ ማታ የሚያለቅስ ሰው ነው?

አይደለም። ጠዋት ስቆ ማታ መነጫነጭ የብዙ ታዳጊ ውሎ ነው። «ባይፖላር ነሽ እንዴ?» እየተባለ የሚቀለደው ቀልድ ነገሩን አበላሽቶታል።

ባይፖላር በሰዓት አይለዋወጥም። በቀናት፣ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ነው። በአንድ ወገን ድባቴው አለ። በሌላው ወገን ማኒያ የሚባለው፣ ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ማኒያ ለመባል ቢያንስ 1 ሳምንት መቆየት አለበት፤ ሆስፒታል የሚያስገባ ከሆነ ግን ጊዜው አይቆጠርም። ቀለል ያለው ሃይፖማኒያ ይባላል፤ ቢያንስ 4 ቀን ነው። ሙሉ ማኒያ የታየበት ሰው ባይፖላር አንድ አለበት ይባላል። ሃይፖማኒያና ድባቴ የሚፈራረቁበት ደግሞ ባይፖላር ሁለት። ሁለተኛው የመጀመሪያው «ትንሹ» አይደለም። ድባቴው ረጅምና ከባድ ሊሆን ይችላል።

ሕመሙ ራሱ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ «ማኒክ ዲፕሬሲቭ» ብሎ ገልጾት ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ስሙን ወደ ባይፖላር የቀየረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዘወትር የሚቆጡ ልጆች ሁሉ ባይፖላር ናቸው የሚባልበት ጊዜ መጣ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ለእነዚህ ልጆች የተለየ ስያሜ ሰጣቸው። ስለዚህ አንድ ልጅ ስለተቆጣ ብቻ ባይፖላር አይባልም።

ማኒያ ደስ ይላል ይባላል። ታዲያ ምኑ ነው ሕመም?

መጀመሪያ ላይ ደስ ሊል ይችላል። ይህን የሚክድ ሰው ታዳጊውን ያጣዋል፤ ምክንያቱም ልጁ ጣዕሙን ያውቀዋል። ሦስት ሰዓት ተኝተህ እንደ አዲስ ትነሳለህ። ሐሳብ ይንቆረቆራል። የማትችለው ነገር ያለ አይመስልህም።

ከዚያ ግን ፍሬኑ ይበጠሳል። ወሬህ ስለሚፈጥን ሰው አይከተልህም። ሐሳብህ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ላይ ይዘላል። ገንዘብ ትበትናለህ፣ በሌላ ጊዜ የማትሞክረውን አደገኛ ነገር ትሞክራለህ፣ ኋላ የሚያሳፍርህን ነገር ለመቶ ሰው ትልካለህ። የተቃወመህ ሁሉ ጠላት ይመስልሃል። ሲብስ የሌለ ድምፅ መስማት ወይም «የተለየ ተልእኮ አለኝ» ብሎ ማመን ይመጣል። ታዳጊዎች ላይ ደግሞ ደስታው ጭራሽ ላይኖር ይችላል፤ ጉልበትና ንዴት ብቻ። ድባቴና ማኒያ በአንድ ጊዜ የሚደባለቁበትም ሁኔታ አለ። ጨለማው ሐሳብ ጉልበት ሲያገኝ ማለት ነው። እሱ ከሁሉም ያስፈራኛል።

ሐኪሙ ድባቴ ነው ብሎኛል። ባይፖላር ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ባይፖላር ያለባቸው ብዙ ሰዎች ቀድሞ የሚታመሙት በድባቴ ነው። ማኒያው ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በዚያ መሀል ማንም ሐኪም እርግጠኛ መሆን አይችልም፤ የደም ምርመራም ሆነ የጭንቅላት ፎቶ አይለየውም።

ልዩነቱ የስም ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅን። ነገር ግን የድባቴ መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ባይጠይቅሽም አንቺ ንገሪው። ከቤተሰብ ባይፖላር ያለበት ወይም ራሱን ያጠፋ ሰው አለ? ትንሽ እየተኛሽ ጉልበት የተረፈሽ ቀናት ነበሩ? ድምፅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ቀድሞ የወሰድሽው መድኃኒት አቅበጥብጦሽ ነበር? ሰው ሐኪም ጋ የሚሄደው ሲከፋው ነው። «ደህና» የነበረበትን ያንን ያልተለመደ ሳምንት ማንሳት ትዝ አይለውም። እናትሽ ወይም እህትሽ አብረውሽ ቢገቡ ከአንቺ ይበልጥ ያስታውሱታል።

ከምን መጣ? የኔ ጥፋት ነው? እናቴስ ስላለባት እኔም ይይዘኛል?

ጥፋትሽ አይደለም። የእናትሽም አይደለም።

አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። ውርስ አለ፣ የአንጎል አሠራር አለ፣ የደረሰብሽ ነገር አለ። ባይፖላር ከ100 ሰው በ1 ወይም በ2 ላይ ይታያል። ወላጅ ወይም ወንድም እህት ካለበት ቁጥሩ ወደ 10 ገደማ ከፍ ይላል። ከፍ ይላል ስል ወደ 90 የሚጠጉት አይያዙም ማለትም ነው። ተመሳሳይ መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ድባቴ ደግሞ ከጉርምስና በኋላ በሴቶች ላይ ከወንዶች እጥፍ ገደማ ይታያል። ጥቃት፣ ሐዘን፣ የቤት ጠብ፣ በእኩዮች መሰደብ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ምንም ሳይፈጠር የሚመጣበት ጊዜም አለ። «ምን ጎደለሽ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያጣው ለዚህ ነው።

ለቤተሰቤ እንዴት ልንገር? «ስንፍና ነው» ይሉኛል።

በሕመሙ ስም አትጀምር። «ድባቴ አለብኝ» ስትል «ማን ነገረህ?» ተብሎ ክርክር ይከፈታል። «ሦስት ሳምንት ሆነኝ እንቅልፍ በዓይኔ ካልዞረ። ምግብ አይወርድልኝም። ያነበብኩት አይገባኝም። ሐኪም ማየት እፈልጋለሁ» በል። ሰው በስም ይከራከራል፤ በእንቅልፍ ማጣት ግን ብዙም አይከራከርም።

ሁሉም ቁጭ ብሎ ቲቪ ሲያይ አይሁን። አንዱን ምረጥ፣ ብቻውን አግኘው። መንገድ ላይ አብሮ እየሄዱ ማውራት ዓይን ለዓይን ከመተያየት ይቀላል። አፍህ ከተያዘ ጻፈው፤ በስልክ ላከው። የመጀመሪያው ሰው ካልሰማህ ነገሩ አላበቃም። አክስት፣ ታላቅ ወንድም፣ መምህር፣ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ የሃይማኖት አባት አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን የሚተርቱልን እነሱው ራሳቸው ናቸው፤ አስታውሳቸው።

ሐኪም ጋ ስገባ ምን ይፈጠራል? የነገርኩትን ሁሉ ለእናቴ ይነግራታል?

በአብዛኛው ይጠይቅሻል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ቤት፣ ስለ መጠጥና ዕፅ፣ ስለ ሞት ሐሳብ። የምትሞይው መጠይቅም ሊሰጥሽ ይችላል። የታይሮይድ ችግርና የደም ማነስ ድባቴ ሊመስሉ ስለሚችሉ ደምሽን ሊያይ ይችላል። ለብቻሽ የምታወሪበት ጊዜ እንዲሰጥሽ ጠይቂ።

ምስጢር ይጠበቃል። አንድ ወሰን ግን አለው፤ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ፣ ሰው ልትጎጂ ከሆነ ወይም ሰው እየጎዳሽ ከሆነ ዝም አይልም። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። ስለዚህ ወሬ ሳትጀምሪ «ምኑን ነው ለቤተሰቤ የምትነግረው?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። ደህና ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይከፋም።

የድባቴ መድኃኒት ማንነቴን ይቀይራል? ሱስስ ያስይዛል?

እንደ ሱስ «ጨምር ጨምር» አያሰኝም። ድንገት ስታቋርጠው ግን ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መቅበጥበጥ ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ቀስ በቀስ የሚቀነሰው። ማንነትን በተመለከተ፣ ልክ ሲሆን ሰው «ወደ ራሴ ተመለስኩ» ነው የሚለው። ፈዘዝኩ፣ ስሜት አልባ ሆንኩ ካልክ መጠኑ ወይም መድኃኒቱ ላይስማማህ ስለሚችል ለሐኪምህ ንገረው። እጅህ ላይ ያለውን ዝም ብለህ አትጣል።

ለታዳጊዎች በደንብ ከተጠኑት አንዱ ፍሉኦክሰቲን ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለድባቴ ከ8 ዓመት ጀምሮ ፈቅዶታል። ኤስሲታሎፕራም ደግሞ ከ12 ዓመት ጀምሮ። ሁለቱም ዛሬ ተውጠው ነገ አይሠሩም። ለውጡ ለመታየት ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ሙሉ ለመሆን 6 ወይም 8 ሳምንት ይፈጃል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይመጣል። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መዛባት። ሒሳቡ ግፍ ነው፤ ጉዳቱ ቀድሞ፣ ጥቅሙ ዘግይቶ። ብዙ ልጅ የሚያቋርጠው በሁለተኛው ሳምንት፣ ልክ ሊጠቅመው ሲል ነው።

ስለ ራስ ማጥፋት ሰምተህ የፈራኸው ማስጠንቀቂያ እውነት ነው። ያው ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2004 የድባቴ መድኃኒቶች ሁሉ በጥቁር ሣጥን ውስጥ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው አዘዘ። በተሰበሰቡት ጥናቶች ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ መድኃኒት ከወሰዱ 100 ልጆች በ4ቱ ገደማ፣ የውሸት ኪኒን ከወሰዱት በ2ቱ ገደማ ታይቶ ነበር። በጥናቶቹ ውስጥ የሞተ ግን አልነበረም። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት መድኃኒቱን መሸሽ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ሰው ከአጠገብ ሆኖ መከታተል ነው። ድንገት መቅበጥበጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም የባሰ ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይደወል።

ሲሻልህ ወዲያው አይቆምም። ከዳንክ በኋላ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት መቀጠል የተለመደ ነው።

ለባይፖላር የሚሰጠው ሊቲየም ምንድን ነው?

ጨው ነው። በተፈጥሮ ከዓለት የሚገኝ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ማኒያን እንደሚያበርድ የዘገበው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶም ከሁነኞቹ አንዱ ነው፤ ራስን የማጥፋት አደጋንም እንደሚቀንስ ይታወቃል።

ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ስለዚህ ደም በየጊዜው ይለካል፤ ታይሮይድና ኩላሊትም አብረው ይታያሉ። ውኃ ሲያጥርህ፣ ሲያስመልስህ ወይም ሲያስቀምጥህ መጠኑ ደም ውስጥ ከፍ ይላል። ጨው ድንገት መቀነስም እንዲሁ። ለራስ ምታት ብለህ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ አትዋጥ፤ ሊቲየሙን ከፍ ያደርጉታል። እጅ በኃይል መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ ምላስ መተሳሰር ከመጣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሌሎችም መድኃኒቶች አሉ። አንዳንዶቹ ክብደት በጣም ይጨምራሉ። ታዳጊ ይህን ይጠላል፣ ተደብቆም ይተወዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው መነጋገር ይሻላል። ቫልፕሮኤት የሚባለው ፅንስን ስለሚጎዳ ሴት ልጅ ሳትጠይቅ መጀመር የለባትም።

ያለ መድኃኒት፣ በንግግር ብቻ አይድንም?

ቀላል ድባቴ ብዙ ጊዜ ይድናል። መካከለኛና ከባዱ ላይ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ይሻላል። በአሜሪካ ከ12 እስከ 17 ዓመት ባሉ 439 ታዳጊዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት አለ። ከ12 ሳምንት በኋላ ንግግርና መድኃኒት አብረው ካገኙት 71 በመቶው በግልጽ ተሻላቸው። መድኃኒት ብቻ 61፣ ንግግር ብቻ 43፣ የውሸት ኪኒን 35 በመቶ።

ንግግር ስል ሻይ ቤት የሚወራውን አይደለም። የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና የሚባለው የቤት ሥራ ሁሉ አለው። «መልእክቴን አይታ አልመለሰችም፤ ጠልታኛለች» የሚለውን ሐሳብ ትይዛለህ። ማስረጃው ምንድን ነው? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? እያልክ ትመረምረዋለህ።

ለባይፖላር ግን ንግግር መድኃኒትን ያግዛል እንጂ አይተካም። ቤተሰብን ያካተተ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል። ጩኸትና ወቀሳ የበዛበት ቤት ሕመሙን ያገረሸዋል።

እንቅልፍ ምን ያገናኘዋል?

አንድ ነገር ብቻ ተከታተሉ ብባል የምመርጠው እንቅልፍን ነው።

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። በጉርምስና ደግሞ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይሸሻል። እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ማታ ዘግይቶ ነው የሚመነጨው። አንቺ ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም እኩለ ሌሊት ድረስ ዓይንሽ የሚፈጠው። ትምህርት ቤት ግን ማለዳ ይጠብቅሻል። በመሀል የጠፋው እንቅልፍ ድባቴ ላለበት ሰው ነዳጅ ነው።

ባይፖላር ሲሆን ነገሩ ከዚህም ይከፋል። አንድ ሌሊት ሳይተኙ ማደር ብቻውን ማኒያ ሊቀሰቅስ ይችላል። የፈተና ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ማንበብ፣ እስኪነጋ ጌም፣ ለመንቃት ተብሎ የሚጠጣ ቡናና ኢነርጂ ድሪንክ ለሌላው ድካም ነው፤ ለአንቺ አደጋ ነው። የምትነሺበትን ሰዓት ቅዳሜና እሑድም አትቀይሪ። የምትተኚበትን ማስተካከል ካቃተሽ የምትነሺበት ይጎትተዋል።

ደብተር ያዢ። ሦስት ነገር ብቻ፦ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ስሜቴ ከ1 እስከ 10 ስንት ነበር፣ መድኃኒቴን ወስጃለሁ? ከሁለት ወር በኋላ የራስሽን ሕመም አካሄድ ከሐኪሙ በፊት ታውቂዋለሽ። መለየት ያለብሽ አንድ ነገር አለ። እንቅልፍ አጥቶ መድከም አንድ ነገር ነው። ትንሽ ተኝቶ አለመድከም ሌላ ነው። ሁለተኛው ሁለት ቀን ከተደጋገመ ለሐኪምሽ ደውዪ፤ ደስ ቢልሽም ደውዪ።

ከአልጋ መውረድ አቅቶኝ «ስፖርት ሥራ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

ስፖርት እውነትም ይረዳል። ምክሩን የሚሰጡት ግን መሰላሉን ከመሀል ነው የሚጀምሩት። አንተ ከመጀመሪያው ጀምር። ዛሬ መጋረጃውን ክፈት። ነገ ፊትህን ታጠብ። ከነገ ወዲያ አምስት ደቂቃ ውጭ ቁም።

ፍላጎት እስኪመጣ አትጠብቅ። ድባቴ የሚወስደው እሱኑ ነው። ሥራው ይቀድማል፣ ፍላጎቱ ተንጠልጥሎ ይከተላል። በወረቀት ላይ ከጠዋቱ የጻፍከውን አንዲት ነገር ከሠራህ ቀኑ አልባከነም። ትምህርት ቤትህም በትንሽ በትንሹ መመለስን፣ የፈተና ጊዜ ማራዘምን ሊፈቅድ ይችላል። ይጠየቅ።

መጠጥና ካናቢስ ለአንድ ሰዓት ያቀሉልህ ይሆናል። ማግስቱን ግን ያከብዱታል፣ ከመድኃኒቱም ጋር ይጋጫሉ።

መኖር ታክቶኛል። ስለ መሞት አስባለሁ።

ይህን ስላነበባችሁ ደስ ብሎኛል። አሁን ብቻችሁን አትሁኑ። ሰው ወዳለበት ክፍል ሂዱ። ለአንድ ሰው እንዲህ በሉት፦ «ራሴን ለማጥፋት እያሰብኩ ነው። አትለየኝ።» ቃሉን አታለሳልሱት። «ትንሽ ጨንቆኛል» ካላችሁ በትንሽ ጭንቀት ልክ ነው ሰው የሚረዳችሁ። እንዴት እንደምታደርጉት ካሰባችሁ፣ ወይም ራሴን መያዝ አልችልም ካላችሁ፣ ነገ አይባልም። አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ ወይም ያላችሁበት አገር የድንገተኛ ስልክ ላይ ደውሉ። ራሳችሁን ልትጎዱበት የምትችሉትን ነገር ሁሉ ሌላ ሰው ከቤት ያውጣው።

ይህ ሐሳብ ከላይ ከቆጠርናቸው ዘጠኝ ምልክቶች አንዱ ነው። ትኩሳት የወባ ምልክት እንደሆነው ሁሉ። እውነት የሚመስለው ሕመሙ ስለሚናገረው ነው። በጣም የሚያስጨንቀው ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። ይነሳል፣ ይበረታል፣ ይወርዳል። ያንን ሰዓት ከሰው ጋር ማለፍ ነው የዛሬው ሥራ።

ሲረጋጋ ከሐኪማችሁ ወይም ከምታምኑት ሰው ጋር አንድ ወረቀት ጻፉ። ሐሳቡ ሊመጣ ሲል ምን ምልክት አያለሁ? ምን ያረጋጋኛል? ለማን እደውላለሁ? እሱ ካላነሳስ?

ጓደኛዬ ራሷን እየቆረጠች ነው። ለማንም እንዳትነግሪ ብላ አስምላኛለች።

ንገሪ። መሐላው ይቅር ይላል። ትናደድብሽ ይሆናል፤ በሕይወት ኖራ ትናደድብሽ። «ብቻሽን ልተውሽ አልችልም፣ አብረን ለአንድ ትልቅ ሰው እንንገር» ብለሽ ጀምሪ። እምቢ ካለች ብቻሽን ሂጂ። ራስን መቁረጥ ሁልጊዜ ለመሞት ማሰብ አይደለም። ብዙዎቹ የውስጥ ጭንቀትን ለማስተንፈስ ነው የሚያደርጉት። «ትኩረት ፈልጋ ነው» የሚለውን ግን እንተወው፤ አብዛኛው ቁስል በእጅጌ ተሸፍኖ ነው የሚኖረው። አንቺ ሐኪሟ አይደለሽም። ሌሊቱን ሙሉ በቻት እየጠበቅሻት ከሆነ አንቺም እየታመምሽ ነው።

ልጄን ስለ ራስ ማጥፋት ብጠይቀው ሐሳቡን አልሰጠውም?

አይሰጡትም። በዚህ ላይ ጥናቶቹ አይከራከሩም፤ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። እንደውም ብዙዎች ሲጠየቁ ይቀልላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ራስን ማጥፋት ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። በሹክሹክታ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

«ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ይበሉት፣ ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ከባድ ነው፤ እንዳይሞሉት። «አዎ» ካለ አይጩኹ፣ አያልቅሱበት፣ «ለእኛ ብለህ» አይበሉት። «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ» ይበቃል። ከዚያ መድኃኒቶችንና ስለት ነገሮችን ይቆልፉ፤ የሚወስደውንም ኪኒን እርስዎ በየቀኑ ይስጡት።

ልጄን ስልኩ ነው ያሳመመው?

ብቻውን አይመስለኝም። ሌሊት እንቅልፍ የሚሰርቅ፣ የሚሰደብበት ወይም ራሱን ከሌሎች ጋር ሲያወዳድር የሚውልበት ስልክ ያባብሳል። ያው ስልክ ደግሞ የጓደኛ ድምፅ ነው። መቀማት ሳይሆን ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ ማሳደር ይሻላል፤ የእርስዎንም ጭምር።

ጸሎት አይበቃም?

ጸሎት የሚያጽናናው ብዙ ሰው አለ። ስኳር ወይም አስም ያለበት ሰው እየጸለየ መድኃኒቱን ይወስዳል። ይኸም እንደዚያው ነው። ጎጂው «እምነትህ ስላነሰ ነው» የሚለው ነው፤ ቀድሞውንም ራሱን የሚወቅስ ልጅ ላይ ሌላ ሸክም ይጭናል።

ይድናል? ወይስ ዕድሜ ልኬን ነው?

ድባቴ ይድናል። ያገረሻልም። ቀደም ሲል ካነሳሁት የ439 ታዳጊዎች ጥናት የተወሰኑትን ለ5 ዓመት ያህል ተከታትለዋቸው ነበር። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከዚያኛው ድባቴ ወጥተዋል። ከዳኑት ግን ግማሽ ያህሉ ላይ ተመልሶ መጥቷል። ስለዚህ መዳን ማለት ምልክቱን መርሳት ማለት አይደለም።

ባይፖላር አብሮ የሚኖር ሕመም ነው። እንደ ስኳር ይያዛል እንጂ በአንድ ክረምት አይነቀልም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኬይ ሬድፊልድ ጄሚሰን ሕመሙ የጀመራት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ነው። በኋላ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነች፤ የምታጠናውም ይህንኑ የራሷን ሕመም ነው። ሊቲየም እንደምትወስድ፣ መጀመሪያ ላይ እየተወችው ብዙ እንደተጎዳች ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። ብዙዎች የሚያቋርጡት እንደሷ ደህና ሲሆኑ ነው። «ተሻለኝ፣ ለምን እውጣለሁ?» ይላሉ። የተሻላቸው ግን ስለዋጡት ነው።

መድኃኒቴን አንድ ቀን ብረሳስ?

በዚያው ቀን ካስታወስክ ውሰደው። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ዝለለው። ሁለቱን ደርበህ አትዋጥ፣ ሊቲየም ሲሆን ደግሞ በፍጹም። ሁለት ሦስት ቀን ከዘለልክ በራስህ አትጀምር፣ ለሐኪሙ ደውል፤ አንዳንዶቹ እንደገና ከትንሽ መጠን ነው የሚጀመሩት። አይቆጣህም። ቢቆጣህም ደውል።